መስገጃው በስንት ቦታ ይረጥባል?

የጫማችሁን ክር ልታስሩ ወይም ከአልጋ ሥር የገባ ነገር ልታወጡ ጎንበስ ስትሉ፣ ከአንዱ የአፍንጫ ቀዳዳችሁ ብቻ ጠብ ያለ ውሃ አጋጥሟችሁ ያውቃል? ጉንፋን ሳይዛችሁ፣ ንፍጥ የማይመስል፣ እንደ ዝናብ ውሃ የጠራ፣ ከንፈር ላይ ሲደርስ ጨው ጨው የሚል? አጋጥሟችሁ ከሆነ በእጃችሁ ጀርባ ጠርጋችሁ «ሳይነስ ነው» ብላችሁ ሳታልፉት አልቀራችሁም። እኛ ዘንድ ከቅንድብ በታች፣ ከከንፈር በላይ ያለ ሕመም ሁሉ ስሙ ሳይነስ ነው። አብዛኛውን ጊዜም ነገሩ ክፉ አይደለም። አልፎ አልፎ ግን ያ ውሃ የአፍንጫ ውሃ አይደለም፤ አንጎልን ዙሪያውን ከብቦ ከያዘው ፈሳሽ ሾልኮ የወጣ ነው።

ይህን የምጽፈው መካነ ሰላም ሆኜ ነው፤ የጤና ተማሪዎች ከሚማሩበት ሕንፃ ጥግ ባለች፣ ነፋስ በመስኮቷ በሚያፏጭባት የመምህራን ክፍል። ማስተማር ከጀመርኩ ብዙ አልሆነኝም። ከዚያ በፊት ሥራዬ የኑክሌር ሕክምና ባለሙያነት ነበር፤ ሰውን በካሜራ ሥር አስተኝቶ ሆዱን፣ አጥንቱን፣ ልቡንና አንጎሉን ማየት። «በሥራ ዘመኔ…» ብዬ ስጀምር ተማሪዎቼ ይስቃሉ፤ ለዚያ አባባል ገና ልጅ ነሽ ማለታቸው ነው። ይሳቁ። ሙያ ከለቀቁት በኋላ፣ አጭርም ቢሆን፣ ዘመን ይሆናል። ይናፍቃልም። ስለዚህ በቅደም ተከተል ልንገራችሁ፤ ያለ ቅደም ተከተል ማውራት አልችልበትም።

መጀመሪያ የተመደብኩት ደሴ፣ ራጅ ክፍል ነው። አለቃችን አንድ ድምፀ ጎርናና ሰው ነበር፤ ሥራውን የሚያውቅ፣ ለሻይ ቤት ወሬ ጊዜ የሌለው። በሽተኛውን ሰሌዳው ፊት ያቆምና «አትንቀሳቀስ! አትተንፍስ!» ብሎ ሲጮህ፣ ኮሪደር ላይ ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ሳይቀሩ ትንፋሻቸውን ይይዙ ነበር። አንድ ቀን አንዲት እናት በሩን ከፍተው «ልጄ፣ እኛስ አሁን እንተንፍስ?» ብለው ጠየቁን። ሳቅን። የሙያው የመጀመሪያ ትምህርት ግን ይኸው ነበር፦ ሰው ሲነሣ ዝም ብሎ መቆም አለበት፤ የተንቀሳቀሰ ሰው ፎቶው ይደበዝዛል። ይህን ቃል ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ከደሴ ለሥልጠና ወደ አዲስ አበባ ተላክሁና እዚያው አንድ ሆስፒታል ምድር ቤት ውስጥ ባለው የኑክሌር ሕክምና ክፍል ቀረሁ። ደመወዙ ከራጁ እምብዛም አይበልጥም፤ የጨረር አበል የሚሉትም ሲመጣ ይመጣል፣ ሲቀር ይቀራል። እሱን እዚህ ላይ ልተወው። የሚወራው ሥራው ነው።

በራጅና በእኛ ሥራ መካከል ያለው ልዩነት ይህ ነው። በራጅ ጨረሩ ከውጭ መጥቶ በሰውየው በኩል ያልፋል። በእኛ ግን ጥቂት ጨረር ያለው መድኃኒት ለሰውየው ይሰጠውና፣ ሰውየው ራሱ መብራት ይሆናል። ካሜራው ምንም አይልክም፤ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ከውስጥ የሚወጣውን ብርሃን ይጠብቃል። መድኃኒቱን የምናገኘው ከውጭ አገር በአውሮፕላን ከሚመጣ፣ በእርሳስ ከተለበጠ፣ ሁለት ሰው ተጋግዞ ከሚያነሣው ትንሽ ዕቃ ነው። እኛ «ላሟ» እንላታለን፤ በየጠዋቱ ትታለባለችና። ሰኞ ስትገባ የምትሰጠው ብዙ ነው፤ ሳምንቱ እየገፋ ሲሄድ እየነጠፈች ትሄዳለች። የታለበውም ቢሆን አይቆይም፤ ስድስት ሰዓት ሲሞላው ግማሹ የለም። ስለዚህ በዚያ ክፍል ሁሉም ነገር ጥድፊያ ነው፤ ከአንድ ሰው በቀር።

ያ ሰው ዶክተር ደምሴ ነው። የክፍሉ ሐኪም፣ የእኔም መምህር። የኩታበር ልጅ ነው፤ ውጭ አገር ተምሮ ተመልሷል፣ አነጋገሩ ግን ከኩታበር ገበያ አልወጣም። ለሚገባው በሽተኛ ሁሉ፣ ክርስቲያን ይሁን እስላም፣ የመጀመሪያ ቃሉ «አብሽሩ» ነው፤ አይዟችሁ ማለቱ ነው። በየጠዋቱ፣ የመጀመሪያው በሽተኛ ከመምጣቱ በፊት፣ ጋውኑን ለብሶ ካሜራው አልጋ ላይ ራሱ ይተኛል። ጣሪያውን እያየ ጥቂት ይቆይና «ዛሬ አልጋዋ ትቀዘቅዛለች፣ ብርድ ልብስ ጨምሩ» ወይም «ያ መብራት ዓይን ይወጋል፣ አጥፉት» ይላል። እኔ ለበሽተኞች ሁሉን ነገር ከሥር መሠረቱ ማስረዳት ስለምወድ «መምህርት» ብሎ ይጠራኝ ነበር። «መምህርት፣ ሰውየው ሽንቱ መጥቷል፤ ትምህርቱን ነገ ትቀጥይለታለሽ» ይላል በበሩ ብቅ ብሎ። ስሙ እንደ ትንቢት ደረሰብኝ።

አሁን ወደ ተነሣሁበት ውሃ ልመለስ። አንጎላችን በደረቁ አልተቀመጠም። በጠራ ፈሳሽ ውስጥ እንደተቀመጠ እንቁላል ነው፤ ያው ፈሳሽ በጀርባ አጥንታችን ውስጥ እስከ ወገብ ድረስ ይወርዳል። በአንጎልና በአፍንጫ መካከል ያለው አጥንት ደግሞ ስስ ነው፤ ሽታ የሚያሸቱ ነርቮች የሚያልፉበት እንደ ወንፊት የተበሳሳ። ሰው ግንባሩን ክፉኛ ሲመታ ያ ስስ አጥንትና ሽፋኑ ሊሰነጠቅ ይችላል። ስንጥቁ የፀጉር ያህል ሊሆን ይችላል፤ ሲቲ ስካን ሊስተው ይችላል። የሚያስፈራው የሚወጣው ውሃ አይደለም። ውሃው በወጣበት ቀዳዳ ጀርም ይገባል፤ ከገባ ማጅራት ገትር ነው።

ቀዳዳውን የምንፈልገው እንዲህ ነበር። ዶክተር ከወገብ በቀጭን መርፌ ጥቂት መድኃኒት ወደ ፈሳሹ ይጨምራል። መድኃኒቱ በራሱ ጊዜ በጀርባ አጥንት ውስጥ ሽቅብ ይወጣና አንጎል ሥር ይደርሳል። የአንገት በላይ ሐኪሙ ደግሞ የባቄላ ፍሬ የሚያህሉ የጥጥ ጥቅሎች በሁለቱም አፍንጫ፣ ላይና ታች ያስቀምጣል። ጥጦቹን የሚጠቀልለው ዶክተር ደምሴ ራሱ ነው፤ ለቀኝ ቀይ ክር፣ ለግራ ጥቁር ክር፣ ለላይኛው አንድ ቋጠሮ፣ ለታችኛው ሁለት። የክሩ ጫፍ ጉንጭ ላይ በፕላስተር ይያዛል። ከሰዓታት በኋላ ካሜራው ያነሣል፣ ጥጦቹም ወጥተው እንደ ሙቀጫ መሃሉ በተቦረቦረ የጨረር መለኪያ ውስጥ አንድ በአንድ ይገባሉ። ከበሽተኛው የተቀዳ ደምም አብሮ ይለካል፤ ምክንያቱም ማንኛውም አፍንጫ ከደም ጥቂት መድኃኒት ሊያገኝ ይችላል። ጥጡ ከደሙ እጅግ ከበለጠ ግን ያ ጥጥ የነካው ውሃ ከአንጎል የመጣ ነው። የትኛው ጥጥ እንደሆነ ክሩ ይናገራል፤ ቀዶ ሐኪሙ የት እንደሚፈልግ ያውቃል።

በወረቀት ላይ ሲነበብ የማይስት ይመስላል። ስቶናል።

በላይ የሚባል የወረኢሉ መስመር ሚኒባስ ሹፌር ነበር። መኪና ተገልብጦበት ግንባሩን ተመትቶ፣ ድኖ፣ ከዚያ ወዲህ አፍንጫው ይፈስ ነበር። ቀልደኛ ነው፤ መርፌው ሲወጋው «ዶክተር፣ ጎማ ነፋኸኝ እንዴ?» አለ። እኛም ደንቡን ጠብቀን መድኃኒቱን ሰጠን፣ ጥጡን አስቀመጥን፣ «አትንቀሳቀስ» አልነው። እሱም ሳይንቀሳቀስ ዋለ፤ እንዲያውም እንቅልፍ ወሰደው። ፎቶው ንጹሕ ወጣ፣ ጥጦቹም ምንም አልያዙም። «ቀዳዳ የለም» ብለን ላክነው። ደስ ብሎት የሁላችንንም እጅ ጨብጦ ሄደ። ያ ክረምት ሳያልፍ ማጅራት ገትር ይዞት ደሴ ሆስፒታል ሞተ።

ወንድሙ ወረቀቶቹን ሊወስድ እኛ ዘንድ መጣ። ዶክተር ደምሴ አስቀምጦ አጽናናውና፣ ውሃው መቼ መቼ ይፈሰው እንደነበር ጠየቀው።

«ጎማ ሲፈታ ነዋ» አለ ወንድሙ። «ጃክ ሊያስገባ ሲያጎነብስ ጠብ ጠብ ይላል። ረዳቱ ‹ጎማው አስለቀሰህ› እያለ ይስቅበት ነበር።»

«ምነው ታዲያ አልነገረን?»

«ማን ጠየቀው?»

በቁጣ አይደለም ያለው፤ እንዲያው እንደ ተራ ጥያቄ። ሰውየው ሲሄድ ዶክተር ወደ ካሜራው ክፍል ገባና አልጋው ላይ ተኛ። ያን ቀን ስለ ብርድ ልብስም ስለ መብራትም ምንም አላለም። ከዚያ ወዲያ ግን ለሚመጣው በሽተኛ ሁሉ ሁለት ነገር ሳይል አያልፍም፦ «ምን ስታደርግ ነው?» እና «እስቲ አሳየኝ»።

እንዲህ ሆኖም ሁለተኛ ጊዜ ልንስት ለጥቂት ነበር።

ሰዓዳ የመጣችው ከዚሁ ከመካነ ሰላም አካባቢ ነው። አረብ አገር ቤት ሠራተኛ ሳለች መስኮት ስታጸዳ ከመሰላል ወድቃ ግንባሯን ተመትታለች። አፍንጫዋ መፍሰስ ሲጀምር አሠሪዎቿ የአለርጂ ክኒን ሰጧት። አገሯ ከገባች በኋላ ማጅራት ገትር ይዟት ለጥቂት ተርፋለች፤ ወደ እኛ የላካት ያዳናት የደሴ ሐኪም ነው። ይዟት የመጣው አጎቷ ነበር፣ አያ ይመር ይባላል፤ ጥምጣሙ የማይዛነፍ፣ ቁመቱ ዘለግ ያለ፣ ሁሉን ሰው በአንድ ዕይታ የሚመዝን ሽማግሌ። ገና ሲገቡ ነገሩን በግልጽ አስቀመጠው።

«ደላላው ቪዛዋ ወጥቷል ይላል። ጤነኛ ናት ካላችሁን በዚህ ወር ትመለሳለች። አይደለችም ካላችሁን አትሄድም። ቁርጡን ነው የምንፈልግ።»

ስለዚህ «ንጹሕ ነው» የሚለው ቃል ምን እንደሚያመጣ ሁላችንም ገብቶናል። ሰዓዳ ቀዳዳዋን ይዛ ባሕር ትሻገራለች፤ ማጅራት ገትሩ ሲመለስ የሚያገኛት ብቻዋን፣ በሰው ቤት ጓዳ ውስጥ ነው።

ዶክተር ጠየቃት። «አብሽሪ የኔ እመቤት። ምን ስታደርጊ ነው የሚፈስሽ?»

«እንዲሁ ነው» አለች፣ መሬት መሬት እያየች። «ባሰኘው ጊዜ።»

«እስቲ ጎንበስ በይና አሳዪኝ።»

ከወገቧ ትንሽ ዘንበል ብላ ወዲያው ቀና አለች። በባዕድ ወንድ ፊት እንዴት ታጎንብስ? ምንም አልወጣም።

ቀኑ ሐሙስ ነበር፤ ላሟ እየነጠፈች ነው፤ የሚቀጥለው ዕቃ በጊዜው መድረሱን ማንም አያውቅም። ባለው ጀመርን። መርፌው ተሰጠ፣ ጥጦቹ ገቡ፣ እኔም የለመድኩትን ቃል ተናገርኩ፦ «አትንቀሳቀሺ።» ሰዓዳ እንደታዘዘችው እንደ ድንጋይ ዋለች። የቀትሩ ሶላት ዙሁር ሲደርስ አያ ይመር በበሩ በኩል «አንቺ ልጅ፣ ሕመምተኛ ነሽ፤ እንደተኛሽ በዓይንሽ ስገጂ፤ አላህ አግርቶልሻል» አላት። እንደተኛች፣ በዓይኖቿና በጣቷ ሰገደች። እኔ አጠገቧ ነበርኩ። እንዴት ያለች ጨዋ በሽተኛ ናት ብዬ አደነቅሁ።

ከሰዓት በኋላ ፎቶው ወጣ። ንጹሕ። ጥጦቹን ለካሁ። ከደሙ የበለጠ የለም። ለዶክተር አሳየሁት። «የበላይም ፎቶ እንዲህ ያምር ነበር» አለ። ግን ምን ያድርግ? ጠይቋል። «አሳዪኝ» ብሏል። ውጤቱን ሊናገር ወደ ኮሪደሩ ወጣ፤ እኔም ተከተልኩት።

አያ ይመር ፊታችንን አይቶ ቀድሞ ደስ አለው። «የለባትም አይደል? አልሀምዱሊላህ! እኔስ ብያለሁ። አላህን የምትፈራ ልጅ ናት ዶክተር። አረብ አገር የሄደ ልጅ ልቡ ደርቆ ይመለሳል ይባላል። እሷ ግን ግንባሯን መሬት አስነክታ፣ ሱጁድ ወርዳ ስትነሣ መስገጃዋ ርሶ ነው የሚገኝ። ትታየኛለች እናቷ፣ መስገጃውን ይዛ ጎረቤት ለጎረቤት ስትዞር፣ ‹እዩልኝ የልጄን እንባ› ስትል።»

ዶክተር ደምሴ እጁን ግድግዳው ላይ አሳረፈ።

«አያ ይመር፣ መስገጃው በስንት ቦታ ነው የሚረጥብ?»

«ምን አሉ?»

«በስንት ቦታ? አንድ ቦታ ነው ሁለት ቦታ?»

ሽማግሌው ሳቀ። «እንዴ! አዲስ አበባ እንባም ይቆጠራል?»

«ይቆጠራል። ዓይን ሁለት ነው።»

አያ ይመር ሳቁን ተወ። ቀስ ብሎ ቁጢጥ አለና ኮሪደሩ ወለል ላይ በእጁ መስገጃ የነጠፈ ይመስል ዳሰሰ። «ግንባሯ እዚህ ነው… አፍንጫዋ እዚህ…» ጣቱ አንድ ቦታ ቆመ። «አንድ ቦታ ነው። ወላሂ አንድ ቦታ ነው። ሳንቲም የምታህል። መስገጃው ላይ ካለው የመስጊድ ሥዕል በሩ ላይ፤ ቀለሟ ለቆ ነጥቷል እኮ።» ቀና ብሎ ዶክተርን አየ። ከዚያ ወዲያ ማንም ማብራራት አላስፈለገውም።

ሰዓዳ ዘንድ ገባሁ፤ ሴት ለሴት ይሻላል ብለው እኔን ላኩኝ። «ሰዓዳዬ፣ ለምን አልነገርሽንም? ስትሰግጂ ነው አይደል?»

በሹክሹክታ «ስቆም ምንም የለም» አለች። «ሱጁድ ስወርድ ነው። ለሶላት የታጠብኩት ውዱእ የፈረሰ እየመሰለኝ እየተመላለስኩ እታጠባለሁ።»

«ታዲያ ለምን ‹ባሰኘው ጊዜ› አልሽን?»

«እማዬ ደስ ብሏት ነበራ» አለች። «ስንት ዓመት ተለይቻት፣ ‹ልጄ ተለውጣ መጣች› ብለው እንዳያሟት ስትፈራ፣ መስገጃዬን አይታ ደስ አላት። ‹አይ እማዬ፣ እንባ አይደለም፣ አፍንጫዬ ነው› ብዬ እንዴት ልበላት?» ትንሽ ሳቅ አመለጣት፤ ጉንጯ ላይ ያለው ፕላስተር ተሸበሸበ።

ከዚያ ክፍሉ ተለወጠ። ላሟን ዳግመኛ የማለብ ጊዜም አቅምም አልነበረንም፤ ግን ጠዋት የገባው መድኃኒት ገና አላለቀም፣ አሁን ደግሞ እንዲደርስ በምንፈልግበት በአንጎል ሥር ነው ያለው። ዶክተር አዳዲስ ጥጦች ጠቀለለ። እጁ ሲቸኩል ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። አያ ይመርን «የአስር ሶላት እየደረሰ ነው፤ ይህን ጥጥ አፍንጫዋ ውስጥ አድርጋ ብትሰግድ ይከለክላል?» ብሎ ጠየቀው።

«ግንባርና አፍንጫዋ መሬት ይንካ እንጂ ጥጡ ምን ቸገረው?» አለ አያ ይመር። «ይልቅ ቂብላው በየት ነው? ይህ ጉድጓዳችሁ መስኮት እንኳ የለው።»

ቂብላው ወደ መካ፣ ከእኛ ወደ ሰሜን ነው፤ ሰሜንን ፈልገን አገኘን፤ እዚያ ላይ የተገተረው ከባዱ የእርሳስ ጨረር መከላከያ ነው። ሦስታችንም ገፋነው። እኔ በመስገጃዋ ላይ ንጹሕ ወረቀት አነጠፍኩ፤ የሚንጠባጠበው ውሃ አሁን ጨረር ያለው ስለሆነ ዕቃዋን እንዳይበክል። የአንገት በላይ ሐኪሙ ተጠርቶ መጥቶ ጥጦቹን አስገባ። ወንዶቹ ወጡ፤ ዶክተር በሩን ገርበብ አድርጎ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። ከውጭ የአያ ይመር ድምፅ ይሰማል፦ «ሱጁዱን አርዝሚው ልጄ። ዱዓ አድርጊ። ቸኩለሽ እንዳትነሺ።»

ሥራ ከጀመርኩ ጀምሮ በዚያ ክፍል ውስጥ ሰው ሲንቀሳቀስ ዝም ብዬ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ቆመች፣ ጎንበስ አለች፣ ወረደች። ስትወርድ ቆየች። ካሜራው ከበላይዋ ዝም ብሎ ተገትሯል። የማቀዝቀዣው ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ያን ዕለት ግን በልቤ ከእሷ ጋር አብሬ ወርጃለሁ።

ስትጨርስ አስተኛናት። የጎን ፎቶው ቀስ በቀስ፣ ነጥብ በነጥብ ስክሪኑ ላይ መሞላት ጀመረ። መጀመሪያ የአንጎሉ ሥር ደምቆ ታየ። ከዚያ ወደ ፊት፣ ወደ አፍንጫ፣ እንደ ሸረሪት ድር የቀጠነች መስመር ወጣች፤ ጠዋት ያልነበረች። ጥጦቹን አውጥቼ፣ ጨረር ሲያገኝ የሚጮኸውን የእጅ መለኪያ አንድ በአንድ አስጠጋሁባቸው። ሁለቱ ቀይ ክሮች ላይ ጠብ… ጠብ… አለ። ጥቁሩ፣ ሁለት ቋጠሮው ላይ ትንሽ ጨመረ። ጥቁሩ፣ አንድ ቋጠሮው ላይ ግን በረዶ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ እንደወረደ ተንጫጫ። ግራ፣ ላይኛው። በትልቁ መለኪያ ከደሙ ጋር አስተያየሁት፤ የሚያጠራጥር አልነበረም።

ዶክተር ደምሴ ስክሪኑን አይቶ «በላይን ጃክ ማስያዝ ነበረብን» አለ፣ ለራሱ ያህል። ከዚያ ወደ አያ ይመር ወጥቶ «ቁርጡን ፈልገው አልነበር? አትሄድም» አለው።

ሰዓዳ ከጭኗ በተወሰደች ትንሽ ሥጋ መሳይ ሽፋን፣ በአፍንጫዋ በኩል ቀዳዳው ተደፈነላት። ለተወሰነ ጊዜ ማጎንበስ ተከለከለች፤ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሰገደች። ወደ አገሯ ስትመለስ ዶክተር ለአያ ይመር ስልኩን ሰጥቶ «መስገጃዋ ከረጠበ፣ በማንኛውም ሰዓት ይደውሉልኝ» አለው። ወራት አለፉ። አልተደወለም። እናትየዋ ግን ቅር ብሏቸው ነበር አሉ፤ «ምነው ልጄ ማልቀስ ተወች፣ ሐኪሞቹ ልቧንም ደፈኑት እንዴ?» እያሉ።

አንድ ጠዋት፣ ዶክተር እንደ ልማዱ ካሜራው አልጋ ላይ ተጋድሞ ሳለ ስልኩ ጮኸ። ድምፁን ከፍ አድርጎ ደረቱ ላይ አኖረው።

«ዶክተር! ኸረ ጉድ ሆነ!» አያ ይመር ነው። «ዛሬ ሱጁድ ፈቅደንላት መሬት ወርዳ ሰገደች። ሰገደችና ስትነሣ… ረጥቧል! መስገጃው ረጥቧል!»

ዶክተር ተነሥቶ ተቀመጠ። ፊቱ ሲለወጥ አየሁት። ድምፁን ግን አልለወጠም።

«ረጋ ይበሉ አያ ይመር። መስገጃውን ወደ ብርሃን ያውጡት። በስንት ቦታ ነው?»

እርምጃ ተሰማ፣ የበር ሲጥ ማለት፣ የሴቶች ድምፅ። «ልቀቂው አንቺ፣ ልየው… ቆዩ እስቲ…»

«ሁለት ቦታ» አለ አያ ይመር።

«በደንብ ይዩት።»

«ወላሂ ሁለት ቦታ! ጎን ለጎን።»

ዶክተር ደምሴ ዓይኑን ጨፈነ። «እንግዲህ አብሽሩ» አለ። «ይተዋት፤ ታልቅስ።»

ካሜራዋ ከዚያ በኋላ አርጅታ ደጋግማ ቆመች፤ ዶክተር ጡረታ ወጥቶ ኩታበር ገባ፤ እኔም አገሬ መካነ ሰላም አስተማሪ ሲፈለግ መጣሁ። እዚህ ያ ዓይነት ካሜራ የለም፣ ላሟም አትመጣም። በየሴሚስተሩ መጀመሪያ ግን ተማሪዎቼን ጥንድ ጥንድ አድርጌ አንዱን በሽተኛ፣ ሌላውን ጠያቂ አደርጋለሁ። «አፍንጫዬ ይፈሳል» ያለውን «ምን ስታደርግ?» ብሎ ሳይጠይቅ መድኃኒት ያዘዘ ተማሪ ይወድቃል። ሰዓዳ አሁን ገበያው ዳር ጨርቃ ጨርቅ ትሸጣለች። በሱቋ ሳልፍ ትጠራኝና «መምህርት፣ ዛሬም ደረቅ ነው!» ትለኛለች፤ ደንበኞቿ ምን ማለቷ እንደሆነ አይገባቸውም።

እናንተም አንድ ነገር አድርጉልኝ። ይህን አንብባችሁ ስትጨርሱ፣ በተለይ ራሳችሁን ተመትታችሁ የምታውቁ ከሆነ፣ መሬት ላይ ተንበርከኩ፤ አገጫችሁን ወደ ደረታችሁ አስጠግታችሁ ጎንበስ በሉና ጥቂት ቆዩ። ምናልባት ምንም አይወጣም፤ ደስ ይበላችሁ። ከአንድ ወገን ብቻ የጠራ ውሃ ጠብ ካለ ግን አትጥረጉት፤ ንጹሕ ብርጭቆ ውስጥ ተቀበሉትና ወደ ሐኪም ይዛችሁት ሂዱ፤ ምን ስታደርጉ እንደወጣም ሳታፍሩ ንገሩት። ከቤተሰባችሁም አንድ ሰው «ሳይነስ አለብኝ» ሲል ስትሰሙ፣ ከመፍረዳችሁ በፊት አጠገቡ ቁጭ በሉና «እስቲ አሳየኝ» በሉት። ዛሬውኑ ሞክሩት።